ትምህርት ይኑር አይኑር፣ ማታውኑ ንገሩን!

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ ብሶቴን ካልተነፈስኩ ሆዴ አይቀልለኝም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ልጅ የምታሳድጉ ነገሩን በደንብ ታውቁታላችሁ። በረዶ ሊጥል ነው በተባለ ቁጥር ትምህርት ቤቶቹ የሚያሳዩንን አበሳ ማለቴ ነው።

ትንበያው ከቀናት በፊት ይነገራል። ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ የለውም። ዳቦና ወተት ከየሱቁ መደርደሪያ ያልቃል። ጨው የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ሲረጩ ያመሻሉ። ሁሉም ይዘጋጃል። ትምህርት ቤቱ ብቻ ዝም። ማታ 3 ሰዓት ዝም። እኩለ ሌሊት ዝም። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ይጮኻል። የሁለት ሰዓት ዲሌይ! ትምህርት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል ማለት ነው።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሺፍቴ የሚጀምረው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ከቤት የምወጣው 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሌሊቱን በሥራ ያደረችው ባልደረባዬ እኔን ትጠብቃለች። እኔ ካልደረስኩ እሷ ጥላ መሄድ አትችልም፤ እሷም ልጆች አሏት። አልጋ ላይ ያሉት አዛውንቶች ሰው ካላነሳቸው አይነሱም። በረዶ ጣለ ተብሎ ሳይታጠቡና ቁርስ ሳይበሉ አይውሉም። ታዲያ 11 ሰዓት ላይ ሰምቼ እስከ 12 ሰዓት ልጅ የሚይዝልኝ ሰው ከየት ላምጣ? በዚያ ሰዓት የማንን በር ላንኳኳ? ልቅር ብል ደግሞ የሰዓት ደመወዜ ይቀራል። በዚያ ላይ ፖይንት፣ ማለትም የቀሪነት ነጥብ፣ ይያዝብኛል። ፖይንቱ ሲጠራቀም ምን እንደሚከተል የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እንዲያውም ከመዝጋቱ ይልቅ የሚብሰው ይሄ ዲሌይ የሚባለው ነው። ሙሉ ቀን ከተዘጋ ቁርጡን አውቃችሁ ሰው ትለምናላችሁ። ለሁለት ሰዓት ግን ማን ይመጣል? ጠዋት ልጆችን ቀድመው የሚቀበሉት ፕሮግራሞችም አብረው ይዘገያሉ። እኛ ጋ የትንንሾቹ የጠዋት ክፍል ጭራሽ ይሰረዛል። ቁርስም አይሰጥም። ትምህርት ቤት የሚያገኙትን ቁርስ የሚጠብቁ ልጆች እንዳሉ የሚያስብ ሰው ይህን ከሚወስኑት መካከል ያለ አይመስለኝም።

ይባስ ብሎ ውሳኔው ይቀየራል። በአንዱ በረዶ ጊዜ ዲሌይ ነው ተባልን። ጎረቤቴ፣ እግዜር ይስጣትና፣ "ለሁለት ሰዓት እኔ ጋ ይሁኑ፣ ከዚያ ባስ አሳፍሬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ" አለችኝ። ልጆቼን ኮትና ቡት አልብሼ እሷ ጋ ትቼ ወጣሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መልእክቱ ተቀየረ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል! እኔ በዚያ ሰዓት አንዲት እናት ከአልጋ እያነሳሁ ነው። ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ብትደውል ብትደውል አላገኘችኝም። የምትሠራው ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሥራዋን ማጣት አትችልም፤ ልጆቼንም ጎዳና ላይ አትጥላቸውም። ይዛቸው ሄደች። ከዚያች ጠባብ የቲኬት ቤት ውስጥ፣ ከትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፊት፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ዋሉ። ትንሿ ልጄ ምሳ ዕቃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው አሉ የበላችው። አለቃ ቢመጣ ሴትዮዋ ከሥራ ልትባረር ትችል ነበር። ይሄ ሁሉ የሆነው በረዶው ስለከበደ አይደለም። አንድ ውሳኔ በጊዜ መወሰን ስላቃታቸው ነው።

አትዝጉ አላልኩም። ልብ በሉልኝ። ልጅ በጨለማ፣ የማይታይ በረዶ በጋገረ አስፋልት ላይ ቆሞ ባስ እንዲጠብቅ የምትፈልግ እናት የለችም። አትላንታ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። በጃንዋሪ 28፣ 2014 የጣለው በረዶ ሁለት ኢንች ገደማ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም እኩለ ቀን ላይ በአንዴ ሰው ለቀቀ። መንገዱ ተዘጋ። ስንቱ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ አደረ። ባስ ውስጥ ሰዓታት የቆዩም ነበሩ። ወላጅ መኪናውን አውራ ጎዳና ላይ ጥሎ በእግሩ ሄደ። ያ እንዲደገም ማንም አይሻም።

ሥራው ከባድ እንደሆነም ይገባኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው መንገድ የሚፈትሹ ሠራተኞች አሉ። ከአየር ትንበያ ሰዎችና ከጎረቤት ካውንቲዎች (አውራጃዎች) ጋር ይነጋገራሉ። ካውንቲው ሰፊ ነው። ሞንጎመሪን ውሰዱ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ዝናብ ብቻ ሲሆን ደማስከስ በረዶው ቁርጭምጭሚት ሊደርስ ይችላል። ውሳኔው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ሲዋልል ደግሞ ዝናብ ይሁን በረዶ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እንደዚያ ባለው ሌሊት ቢጠብቁ አልቀየማቸውም።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ሕፃን እንኳን ነገ ትምህርት እንደሌለ አውቆ፣ በረዶ ያመጣል ተብሎ እንደሚደረገው ፒጃማውን ገልብጦ የሚተኛበት ማታ አለ። ጎረቤት ካውንቲ ከራት በፊት ዘግቻለሁ ይላል። የእኛዎቹ ግን እስኪነጋ ይጠብቃሉ። ለምን? ዘግተው በረዶው ከቀረ የሚመጣባቸውን ወቀሳ ይፈራሉ። ሜሪላንድ በዓመት 180 የትምህርት ቀን ትጠይቃለች፤ ለበረዶ የተያዙት ቀናት ካለቁ ትምህርቱ ወደ ጁን ይገፋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ይቆጥባሉ። የሚቆጥቡት ግን በእኛ ኪስ ነው። ከቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ ለሚሠራ ወላጅ 11 ሰዓት ላይ መስማት ምንም አይደለም። ለነርሷ፣ ለኤርፖርት ሠራተኛው፣ ለታክሲ ነጂው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ግን የቀን እንጀራ ነው።

ኦንላይን ይማሩ የሚሉም አሉ። ኒውዮርክ በፌብሩዋሪ 13፣ 2024 ሞክራው ብዙ ተማሪና መምህር መግባት አቅቶት ነበር። ቢሠራስ? የስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ኮምፒውተር ፊት ማን ያስቀምጣታል?

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፤ የመንግሥት ቢሮዎች በአማርኛም እንዲያገለግሉን ያስገድዳል። የእኛ ካውንቲ የአማርኛ መልእክት ግን የሚደርሰን እንግሊዝኛው ከወጣ ሰዓታት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እኛን የምታድነን በእናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ያለች አንዲት እህት ናት። እንግሊዝኛውን እንዳየች በድምፅ ትልክልናለች፤ "እህቶች፣ ዛሬ የለም፣ ልጆቹን አታስነሡ።" ደመወዝ የሚከፈለው ቢሮ ያላደረገውን እሷ ከአልጋዋ ሳትወርድ ታደርገዋለች። አሥር ዓረፍተ ነገር እኮ አይደለም! "ተዘግቷል" እና "ሁለት ሰዓት ዘግይቷል" የሚለውን በበጋ ተርጉሞ ማስቀመጥ ማንን ይገድላል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ትንበያው ቁርጥ ከሆነ ማታ ከ2 ሰዓት በፊት ንገሩን። ካልተቆረጠም "ነገ ሊዘገይ ይችላል፣ ተዘጋጁ" ብላችሁ ማታ አስጠንቅቁን፤ እኛም ሰው እንፈልግ። ዲሌይ ካላችሁ በኋላ አትቀይሩ፤ ከጠረጠራችሁ ከመጀመሪያው ዝጉት። መንገዱ ሲጸዳም በየአካባቢው አንድ ሕንፃ ክፈቱልን። ወላጁ ራሱ ያመጣል፤ ልጆቹ ሙቀትና ቁርስ ያግኙ።

እኔ በሚቀጥለው የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ለመናገር ስም አስመዘግባለሁ። አስተርጓሚም እጠይቃለሁ። እናንተ ያላችሁበት ካውንቲ ማታውኑ የሚያሳውቅ ከሆነ፣ በስንት ሰዓትና በምን ቋንቋ እንደሚልክላችሁ ከታች ጻፉልኝ። መልእክቱን ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ አትሜ ይዤው እሄዳለሁ።