«ማን ይበልጣል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው

በቻይንኛ ትዕቢተኛን ለመስደብ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ «ዬላንግ ዚዳ»፣ ማለትም «ዬላንግ (በደቡብ ምዕራብ የነበረ የጥንት አገር) ራሱን ታላቅ አደረገ» ማለት ይበቃል። በአራት ፊደል ብቻ ሰዳቢውን ታሪክ አዋቂ፣ ተሰዳቢውን መሃይም አድርጋ የምትገላግል ስድብ ስለሆነች፣ በየክርክሩ የሚወረውሯት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ122 ዓመት የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉ፣ ወደ ህንድ የሚያደርስ መንገድ እንዲፈልጉ መልእክተኞችን ወደ ደቡብ ምዕራብ ተራሮች ላከ። በዛሬው ዩናን የነበረው የዲየን ንጉሥ እንግዶቹን ተቀብሎ «ከሃንና ከእኔ አገር የቱ ይበልጣል?» አላቸው፤ በዛሬው ጉይጆ የነበረው የዬላንግ ገዥም ይህንኑ ጠየቀ። በታሪኩ ቀድሞ የተጠቀሰው ጠያቂ እንግዲህ የዲየኑ ነው። ስድቡ ግን ለዬላንግ ደረሰ፤ ሃን ለዲየን ንጉሥ የሰጠው የወርቅ ማኅተም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ከመቃብር ተቆፍሮ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይደነቃል። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው!

ታሪኩን የጻፈው ሲማ ቺየን የስድብ ተሰጥዖ ስላልነበረው ምክንያት ሲፈልግ ተገኘ። መንገድ ባለመኖሩ እያንዳንዱ ራሱን የአካባቢው ጌታ አድርጎ እንደቆጠረና የሃንን ስፋት እንዳላወቀ ጻፈ፤ በዚያ አገር በአሥር ከሚቆጠሩት አለቆች ሁሉ ትልቁ ዬላንግ እንደነበረም አልሸሸገም። ደግነቱ፣ ተከታዮቹ ትውልዶች እንዲህ ያለውን ትርፍ ዝርዝር አራግፈው ሳቁን ብቻ አስቀሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና ግን ለቤተ መንግሥቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 የብሪታንያው መልእክተኛ ማካርትኒ ንግድ ይስፋልን ብሎ በመጣ ጊዜ፣ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ለብሪታንያው ንጉሥ ለጆርጅ ሣልሳዊ በጻፈው ደብዳቤ፣ አገሩ ሁሉ ነገር የሞላት በመሆኗ የእንግሊዝ ዕቃ እንደማያስፈልጋት አስታወቀ። የዬላንጉ ሰው ቢያንስ ጠይቋል፤ ይህኛው መጠየቁ ራሱ አላስፈለገውም። በስሙ ግን ባለ አራት ፊደል ስድብ አልወጣለትም፤ ሰፊ ግዛት ያለው ሰው ሲኮራ ግርማ እንጂ ትዕቢት አይባልምና።

ዛሬ ደግሞ በጉይጆና በሁናን ያሉ አንዳንድ ወረዳዎች፣ ጎብኚ ለመሳብ ሲሉ፣ የጥንቷ ዬላንግ በእኛ መሬት ነበረች እያሉ ይሟገታሉ። የሙግታቸው ጭብጥም ያው የድሮው ነው፦ ከእኛና ከእናንተ ማን ይበልጣል?