ስፒከር ሥር ልጅ ለሚያሳድጉ አባቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ኮንሰርት በመጣ ቁጥር አንድ ጀግና አባት አይጠፋም። የአራት ዓመት ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ስፒከሩ ሥር ይደርሳል። ይመቸው! ከኋላው የቆምነውም ብንሆን አልተጎዳንም፤ በዘፋኙ ፋንታ የሕፃን ጫማ በቅርበት እናያለን።

ጃኖ ባንድ ሮክን በአማርኛ ካስለመደን ወዲህ ልጅን ወደ ሮክ መውሰድ ብርቅ አይደለም። ከኋላ መቆም፣ ጆሮውን መሸፈን፣ በጊዜ ወደ ቤት መመለስ የሚባሉት ግን የፈሪ ሥራ ናቸው።

ትኬቱ ላይ «12 ሰዓት» ይላል። ባንዱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። እስከዚያ አንድ ሰውዬ ማይኩን ይዞ «ቼክ፣ ዋን፣ ቱ» ሲል ያመሻል። ልጁ በነፃ እንግሊዝኛ ቆጠራ ተማረ፤ እስከ ሁለት ድረስ።

ብርዱስ? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ልጁ የለበሰው ግን የራስ ቅል ያለበት ጥቁር ቲሸርት ብቻ ነው። ጃኬት ቢደረብበት የራስ ቅሉ ፎቶ ላይ በምን ይታያል?

አዘጋጆቹም ይመስገኑ። በር ላይ የውሃ ፕላስቲክ ይቀማሉ፤ ሕፃን ግን «እለፍ፣ እለፍ» ተብሎ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚሉት ጨዋታ አበላሽ ደግሞ፣ ልጅ በሳምንት 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ድምፁ ከ75 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) አይለፍ ይላል። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ፣ የማዳመጫው ጊዜ ደግሞ ግማሽ ይሆናል። እናም 100 ዴሲቤል ላይ የሳምንቱ ኮታ ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። የእኛ አባት ቆጣቢ አይደለም፤ የወራቱን ኮታ በአንድ ማታ ይጨርስለታል። አንዱ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ለልጆች ጆሮ የሚሆን መከላከያ እኮ አለ» ቢለው፣ «ተወው ባክህ፣ የሸዋ ልጅ ድምፅ አይፈራም!» አለው። መልሱን የሰማነው በከንፈሩ እንቅስቃሴ ነው።

ከበሮው ሲጀምር ልጁ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ። አባት ስልኩን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ላይቭ ገብቷል። በሌላው እጁ የልጁን መዳፍ ቀስ አድርጎ ከጆሮው ያላቅቀዋል፣ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ያወዛውዘዋል። «እዩልኝ፣ እየጨፈረ እኮ ነው!» ተመልካቹም «ያሳድግልህ» እያለ ልብ ያዘንባል። እጁ ሲለቀቅ ተመልሶ ጆሮው ላይ ይለጠፋል። ይህ ግን ካሜራ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ልጁ አባቱ ጭንቅላት ላይ ተደፍቶ ተኛ። ቪዲዮው «ልጄ ሮክ ሲወድ!» ተብሎ ተለጠፈ።

ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ሦስቴ ጠርታው ዞር ካላለ እንዳትቆጣው አደራ። ሮከር ትንሽ ኩሩ ነው።