ለጥቁሩም ከፍለናል

ፊልም ሲከፈት ከፊልሙ ቀድሞ የሚጀምር ሌላ ድራማ አለ። አባወራው ከቴሌቪዥኑ ስክሪን ላይና ታች የተጋደሙትን ሁለት ጥቁር መስመሮች፣ «ባር» የሚባሉትን፣ ያያል። ፊቱ ይቀያየራል። «ሪሞቱ የት አለ?»

ነገሩ የጥበብ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የንብረት ጉዳይ ነው። ስክሪኑን የገዛው ከጥግ እስከ ጥግ በኢንች ተለክቶለት ነው። ስለዚህ ለጥቁሩም ከፍሏል። የገዛ ንብረቱ ሥራ ፈትቶ ሲጋደም ያንገበግበዋል። እንግዳ ካለማ አያድርስ! ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስልበታል።

እናም «ስትሬች» የምትለዋን ይጫናል። የሚታየው የድሮ የሠርግ ቪዲዮ ከሆነ ጉድ ፈላ። የድሮው ቪዲዮ 4 በ3 ነው፣ ወርዱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3፤ የዛሬው ስክሪን 16 በ9። በግድ እስከ ዳር ሲለጠጥ ሁሉም ነገር ወደ ጎን በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ቀለበቱ ሞላላ ይሆናል። ሚዜዎቹ በር አያሳልፋቸውም። ሙሽራዋ ደግሞ አሁን እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ እያየች ነው።

«እኔ እንደዚህ ነበርኩ እንዴ?»

«ኧረ ቴሌቪዥኑ ነው።»

«ታዲያ መልሰዋ!»

«ጥቁሩ ይመጣላ!»

ሰውየው ምርጫውን አድርጓል። ሚስቱ ብትወፍር ይሻለዋል።

ሁለተኛው መላ ዙም ነው። ዙም ማንንም አያወፍርም፤ ይቆርጣል እንጂ። የድሮ ቪዲዮ ከሆነ ከቁመቱ ሩቡ ይሄዳል። ሰፊ የሲኒማ ፊልም ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ሩብ ያህሉ። ዳርና ዳር ቆመው የሚጨቃጨቁ ሁለት ሰዎች ግማሽ ግማሽ ፊት ይቀራቸዋል። ታችኛው ባር ላይ የተጻፈ ሳብታይትል ከነበረም አብሮ ይሰናበታል። አባወራው ግን የፊልሙን ሦስት አራተኛ እያየ «አሁን ገና ፊልም መሰለ» ይላል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ የሲኒማና የቴሌቪዥን ቅናት ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ የድሮውን ፊልም ቅርጽ፣ ያንኑ 4 በ3ን ወረሰ። ሰውም ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀረ። ሲኒማ ቤቶች ምን ይበሉ? ጎናቸውን አሰፉ። ሲኒማስኮፕ የተባለው ሰፊ የፊልም ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1953 ብቅ ያለው ቤት ውስጥ የማይገኝ ስፋት ይዞ ነበር። በ1984 ደግሞ ከርንስ ፓወርስ የተባለ መሐንዲስ እንደ ሽማግሌ መሀል ገብቶ 16 በ9 ይሁን አለ። ሁለቱም ተስማሙ። የድሮው ቪዲዮ ጥቁሩን በግራና በቀኝ፣ ሰፊው ሲኒማ ከላይና ከታች ተሸክሞ ወደየቤቱ ሄደ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ኮምፒውተር የሚችለው ሰው ነው። እሱ በሪሞት አይጫወትም። ነገሩን ከሥሩ ሊነቅል ይነሳል። ፊልሙ 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ሃንድብሬክ የተባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ይከፍታል። ሃንድብሬክ ጥቁሩን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ከላይ 138፣ ከታች 138 ፒክስል ይቆረጣል። ኮምፒውተሩ እየተንፈሰፈሰ ፊልሙን እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ በዚያውም ከጥራቱ ትንሽ ይሸረፋል። 1920 በ804 የሆነ ንጹሕ ፊልም ይወጣል። ፍላሽ ላይ ይገለብጠዋል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካዋል። ቴሌቪዥኑም 138 ከላይ፣ 138 ከታች ጨምሮ ያሳየዋል።

ምን ያድርግ? ስክሪኑ አልሰፋ!

አንዳንዴ ግን ባር ጠሎች እውነት አላቸው። ሰፊ ቪዲዮ 4 በ3 ፍሬም ውስጥ ከነጥቁሩ ታሽጎ የተቀመጠበት ጊዜ አለ። ያኛው ጥቁር የቪዲዮው አካል ሆኗል። ዛሬ ስክሪን ላይ ስታጫውቱት ቴሌቪዥኑ የራሱን ጥቁር በግራና በቀኝ ይደርብበታል። በአራቱም ማዕዘን ጥቁር፣ መሀል ላይ ቴምብር የምታህል ምስል! እዚህ ላይ ዙም ማድረግ ጽድቅ ነው። ምስሉ 16 በ9 ከሆነ ምንም ሳይቆረጥ ይሞላል። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ከሆነ ሲ የምትለዋን ፊደል መጫን ይበቃል፤ 16 በ9 እስኪመጣ መደጋገም ነው። ፋይሉ አይነካም። ኤ የምትለዋን ከነካችሁ ግን ወደ ወፍራሞቹ ሚዜዎች ተመለሳችሁ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ይኼው ባር ጠል የልጁን ልደት ሲቀርጽ ስልኩን አቁሞ ይይዛል። ቀረጻው ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ከስክሪኑ ስፋት ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ሁለት ሦስተኛው ጥቁር ነው! ጠበቅኩት። ሪሞቱን አልጠየቀም። ታላቅየዋ ልጁ ግን አዘነችለትና ቪዲዮውን አስተካክላ አመጣች፤ ጎንና ጎኑን በዚያው በልጁ ምስል አደብዝዛ ሞላችው። መሀል ላይ ቀጭኑ ልደት፣ በግራ የደበዘዘ ጉንጭ፣ በቀኝ የደበዘዘ ጉንጭ።

«እንዲህ ነው እንጂ ቴሌቪዥን!» አለ።