«ምክር» ብሎ ማለፍ ሙያውን ያሳንሰዋል
ስለ አእምሮ ሕክምና ነርሶች ያነበብኩት ጽሑፍ እነሱ የሚሰጡትን የንግግር ሕክምና «ምክር» ብሎ ማለፉ አላስደሰተኝም፤ አሜሪካዊቷ የነርስነት ሙያ ምሁር ሂልደጋርድ ፔፕላው በነርስና በታማሚ መካከል የሚፈጠረው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1952 ካስረዱ ቆይተዋል። መድኃኒቱን ያቋረጠ ታማሚ ሲመጣ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 በጽሑፍ ያቀረቡትን ተነሳሽነትን የሚቀሰቅስ ውይይት የተማረች ነርስ አትገሥጸውም፤ መልሶ ለመጀመር ያለውን ፍላጎት ከ0 እስከ 10 እንዲመዝን ትጠይቀዋለች፣ «4» ብሎ ከመለሰላት ደግሞ «ለምን 2 አላሉም?» ትለዋለች። ጥያቄው ወደ ታች፣ ማለትም ወደ አነስተኛው ቁጥር፣ መሆኑ ልብ ይባል። «ለምን 8 አልሆነም?» ብትለው (እኔም ሥራ ስጀምር እንዲሁ እጠይቅ ነበር) የሚደረድረው ላለመውሰድ ያሉትን ምክንያቶች ነው፤ ወደ ታች ሲጠየቅ ግን መድኃኒቱ ያስገኘለትን ጥቅም፣ ለምሳሌ እንቅልፉ መመለሱን፣ በራሱ አንደበት ይናገራል።