«ልዩ ልዩ» የሌለው ጨርቅ

በሒሳብ ሥራ ሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ውጭ አገር የምትኖረው የባለቤቴ እህት የክሮስ ስቲች፣ ማለትም የመስቀለኛ ጥልፍ፣ ጨርቅና ክር፣ በየካሬው ምን ቀለም እንደሚሰፋ በምልክት ከሚያሳየው ሰንጠረዥ ጋር በሰው እጅ ስትልክላት ባለቤቴ ጨርቁን አንድ ጊዜ፣ ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ አየችና «ይኼ የጥልፍ ሳይሆን የቆጠራ ሥራ ነው፤ አንተ ሞክረው» ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አልተከራከርኩም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ጡረተኛ ከሰዓት በኋላው ረጅም ነው፤ ደግሞስ እስከ አሥራ አራት መቁጠር የሚያቅተው ማን ነው?

አሥራ አራት ያልኩት በምክንያት ነው። ጨርቁ አይዳ ይባላል፤ ክሮቹ በእኩል እየተቧደኑ ስለተሸመኑ ፊቱ እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ የተሞላ ሲሆን፣ በየካሬው ማዕዘን ላይ መርፌ የምታልፍባት ቀዳዳ አለች። የእኔው «14» የሚል ነበር፤ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ 14 ካሬ አለው ማለት ነው። ሥዕሉ፣ ከሐይቅ ዳር የቆመች አንዲት ጎጆ፣ ወደ ጎን 84፣ ወደ ታች 70 ካሬ ስለነበር ወዲያው አካፍዬ 6 ኢንች በ5 ኢንች፣ በእኛ ልክ 15 ሳንቲ ሜትር ከምናምን በ12 ከምናምን መሆኑን ለባለቤቴ አበሰርኳት። «ታዲያ መዳፍ ታክላለች እኮ፤ እስከ እሑድ ትጨርሳታለህ» አለችኝ። 84ን በ70 ማባዛት ለሁለታችንም አልታየንም፤ 5,880 ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከሙያዬ የመጣ ነው። ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ከጥቁሩ ክር ምልክት አጠገብ «310» ተጽፏል። የሒሳብ ሰው ቁጥር ሲያይ መጠን ስለሚመስለው፣ ሦስት መቶ አሥሩን ጥቁር ስፌት ፍለጋ አንድ ምሽት ሙሉ ሰንጠረዡን ስቆጥር አመሸሁ። ያገኘሁት 96 ብቻ ነበር። የ214 ጉድለት መዝግቤ፣ ላኪዋ ትጠየቅ ወይስ አትጠየቅ በሚለው ላይ ሳስብ አደርኩ። ለካስ 310 ማለት በ1746 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዲኤምሲ የተባለው የፈረንሳይ ክር አምራች ለጥቁር ቀለም የሰጠው መለያ ቁጥር ኖሯል።

ይህን ያወቅሁት ምድር ቤት ከሚኖሩት ከእማማ ነው። እማማ በልጅነታቸው በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የትራስ ልብስ የጠለፉ፣ ዛሬም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መርፌ የሚያሾልኩ ሴት ናቸው። የጀመርኩትን ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ክሩ ስድስት ቀጫጭን ዘለላዎች የያዘ ነው፤ ለ14 ጨርቅ የሚበቁት ሁለቱ ሲሆኑ እኔ ስድስቱንም ባንድነት ስለሰፋሁ ጥልፉ የቡሄ ጅራፍ አክሏል። ርዝመቱም ቢሆን፣ ደጋግሜ መርፌ ከማሾለክ ብዬ በሁለት ሜትር ቆርጬው በየሦስት ስፌቱ ይቋጠርብኛል። እማማ ክሩን ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ ለክተው ቆረጡና «ክንድ ለምን የተፈጠረ ይመስልሃል?» አሉኝ። እያንዳንዱ መስቀል ከሚሠራባቸው ሁለት ዘንጎች የላይኛውን በአንዱ መስቀል ወደ ቀኝ በሌላው ወደ ግራ አጋድሜው ስለነበር ለእሱም አንድ ተግሣጽ ተጨመረልኝ። የነጠላ ቁራጭ ላይ ልለማመድ ብል ደግሞ ከለከሉኝ፤ የነጠላ ድሩ የፋብሪካ ቀጭን ክር፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ ሁለቱ እኩል አይቆጠሩም፤ ካሬ ልስፋ ቢሉ የሚወጣው የተጎተተ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነበር። ጨርቁን ለአራት አጥፌ መሃሉን አግኝቼ፣ ከመሃሉ ወደ ቀኝ አሥር ካሬ ዘልዬ የጎጆዋን ግድግዳ ማቆም ነበረብኝ። በመርፌዋ ጫፍ ቀዳዳዎቹን እየነካሁ አንድ፣ ሁለት ብዬ እስከ አሥር ቆጠርኩና ሰፋሁ። ግድግዳው ከጣሪያው በአንዲት ካሬ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ተረተርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩ፤ አሁንም አንዲት ካሬ። ለሦስተኛ ጊዜ ተርትሬ ባለቤቴን ምስክር አስቀምጬ ቆጠርኩ፤ እሷም አሥር ነው ብላ መሰከረች፤ ግድግዳው ግን አልተቀበለንም።

ችግሩን የፈታው የብሎካችን ዘበኛ ነው። የወተት ላስቲክ ሊያቀብለኝ ወጥቶ ሳለ ጨርቁን አጎንብሶ አየና «ጋሼ፣ አጥር አጥረው ያውቃሉ?» አለኝ። እሱ ከመቀጠሩ በፊት በዚሁ በከተማው ዳርቻ የባሕር ዛፍ ቋሚ እየተከለ ቆርቆሮ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። «አሥር ቆርቆሮ ጎን ለጎን ለመምታት አሥራ አንድ ቋሚ ያስፈልጋል። እርስዎ የመጀመሪያውን ቋሚ ቆርቆሮ አድርገው ቆጥረውታል። የቆሙበትን ቀዳዳ ባዶ ይበሉት።» ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖሬ ዜሮን ከዘበኛ ተማርኩ፤ ወተቱንም በድንጋጤ ሁለት ጊዜ ከፈልኩት፤ እሱ ግን ቆጥሮ መለሰልኝ።

በእርግጥ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። የታክሲ ረዳት ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አራተኛ ሲጨምር ሒሳቡ ልክ ነው። ለሰባት ሰዓት የተጠራው የብሎካችን ስብሰባ ስምንት ተኩል ላይ ሲጀመር ቃለ ጉባኤው «በሰባት ሰዓት ተጀመረ» ይላል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤትም ማደሪያ ያጣ ብር ሁሉ «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚል መስመር ሥር ይተኛ ነበር። ጨርቁ ይህ መስመር የለውም። አንድ ቀን የጎደለችውን ካሬ ለመሸፈን አንዷን መስቀል በሁለት ካሬ ላይ ለጥጬ በመስፋት ልዩነቱን ላወራርድ ሞክሬ ነበር። እማማ ገና ከበሩ ሆነው «ይቺስ ምን ሆና ነው የተጋደመችው?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ባስተማሩኝ ዘዴ በየአሥር ካሬው ቁልቁልና አግድም ቀይ የመስፊያ ክር ሸለልኩ፤ ሰንጠረዡም በየአሥሩ ደመቅ ያለ መስመር ስላለው፣ ሰው ቢጠራኝ እንኳ ተመልሼ ቦታዬን አገኛለሁ። ሰው ደግሞ ይጠራኛል፤ ሠላሳ ሰባተኛው ካሬ ላይ ደርሼ ሳለሁ ከታች «ውሃ መጣ!» ተባለ። በሳምንት አንዴ ለሚመጣ ውሃ የማይነሣ ሰው በእኛ ብሎክ የለም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክቼ፣ ስድስት ጀሪካን አራተኛ ፎቅ አውጥቼ፣ እያለከለክሁ ግን ደረቴን ነፍቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ጨርቁ በሥርዓት ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና «ዝርክርክ ያለ ቀይ ክር ሁሉ ተጠላልፎበት አይቼ ለቅሜ አጸዳሁልህ» አለችኝ። መርፌዋንም እንዳትወጋኝ ብላ ነቅላታለች።

ጨርቁን እንደገና ለአራት አጥፌ መሃሉን ፈለግሁና፣ የመርፌዋን ጫፍ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ላይ አሳርፌ «ዜሮ» አልኩ።