አሮን ከማን ጋር ነው እንጀራ የበላው?

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ያያችሁት ስብከት እኔም ጋ ደርሷል። አንድ ዘመዴ ነው በቴሌግራም የላከልኝ፤ ከሥሩ «ስማው፣ ስለ እኛ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ሰባኪው በመጽሐፍ ቅዱስ ቄናውያን ስለሚባሉት ሕዝብ ያስተምራሉ። ቄናውያን የቃየን ዘር ናቸው አሉ። ሙያቸው ብረት መቀጥቀጥ ነበር አሉ። ቀጥለውም «አባቶቻችን ከቀጥቃጭ ጋር ማዕድ ያልቆረሱት እንዲያው በከንቱ አይደለም» ብለው ነገሩን አሠሩት፤ አዳራሹም እልል አለ። ቅሬታ ሲበዛ የፕሮግራሙ አዘጋጆች ሦስት መስመር መልስ ለጠፉ፦ ትምህርቱ «ታሪካዊ ማብራሪያ» ስለሆነ ከገጻችን አይወርድም።

ታሪክ ከሆነ ታሪኩን እናንሣው።

መጀመሪያ ይቺን የቃየን ዘር የምትባለውን ነገር። ከጥፋት ውኃ የተረፉት ስምንት ነፍሳት ናቸው፤ ይህን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በጣቱ ቆጥሮ ይነግራችኋል። ኖኅ ደግሞ የሴት ዘር ነው። ታዲያ የቃየን ልጆች ውኃውን በዋና ነው የተሻገሩት? ወይስ መርከቡ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው? «በኖኅ ምራቶች በኩል ነው» የሚል ብልጥ ካለ፣ እሰየው፤ ከምራቶቹ ያልተወለደ ሰው በምድር ላይ የለምና ሰባኪውም፣ እልል ያለው አዳራሽም፣ እኔም ቀጥቃጮች ነን።

ደግሞስ ሰባኪው ዘፍጥረት ምዕራፍ 4ን እስከ መጨረሻው አንብበውታል? ከቃየን ዘር ናስና ብረት የሠራው ቱባልቃይን ነው፣ እውነት ነው። ግን ወንድሞቹስ? ያባል በድንኳን ለሚቀመጡና ከብት ለሚያረቡ ሁሉ አባት ነው። ዩባል የበገና ደርዳሪዎች አባት ነው። ሦስቱም የአንድ የላሜሕ ልጆች፣ ያውም በተከታታይ ቁጥሮች የተጻፉ። የቱባልቃይን መዶሻ የተረገመው በአያቱ ኃጢአት ከሆነ፣ የዩባል በገናም ተረግሟል። ያው ፕሮግራም ግን በዐቢይ ጾም ከበገና ሌላ አያሰማንም! ላም ያለው ገበሬም የያባልን እርግማን ይካፈል እንጂ። እርግማኑ ሁለቱን ወንድማማቾች ዘልሎ ወናፍ የሚነፋው ላይ ብቻ ያረፈው በየትኛው ቁጥር ነው?

አንድ ነገር አልክድም። በዕብራይስጡ ቃየንና ቄናዊ የሚሉት ስሞች አንድ ዓይነት ፊደላት አሏቸው፤ በዐረብኛም «ቀይን» ማለት ብረት ሠሪ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ቄናውያን ብረት ሠሪዎች ነበሩ የሚል አንድም ቦታ የለውም። አንድም። ይህ ከስሙ ተነሥተው የቋንቋ ተመራማሪዎች የደረሱበት ግምት ነው፤ ዘመናዊ ምርምርን በየሳምንቱ የሚያብጠለጥሉት ሰባኪ ሳያውቁት ከተመራማሪዎች ተበድረዋል ማለት ነው። ከተበደሩ ላይቀር ሙሉውን ቢወስዱት ምን ነበረበት? ምክንያቱም እነዚያው ሊቃውንት፣ እነ ካርል ቡደ፣ ወደ ሌላ ነገር ነው የሄዱት፦ እስራኤል የአምላኩን ስም የተማረው በሙሴ አማት በኩል ከእነዚሁ ቄናውያን ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ይህን እንኳን በአዳራሹ አልሰማሁም።

አማቱን ካነሣን አይቀር እዚያው እንቆይ፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ገና በምዕራፍ 1 ላይ የሙሴን አማት ቄናዊ ይለዋል። ይህ ሰው፣ የምድያም ካህን ዮቶር፣ በዘጸአት 18 ሴት ልጁንና የልጅ ልጆቹን ይዞ ወደ ምድረ በዳ መጣ። ሙሴ ባሕር የተከፈለለት ሰው ነው፤ ሊቀበለው ወጣ፣ ሰገደለት፣ ሳመው። ዮቶር መሥዋዕት አቀረበ። ከዚያስ? አሮንና የእስራኤል ሽማግሌዎች ሁሉ ከሙሴ አማት ጋር «በእግዚአብሔር ፊት እንጀራ ሊበሉ መጡ»። ቁጥር 12 ነው። እንጀራ ሊበሉ! የካህናት ሁሉ አባት አሮን፣ በመጽሐፉ ቃል ቄናዊ ከተባለ ሰው ጋር፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ ከአንድ ማዕድ። ጽዋውን ለብቻ አላስቀመጡበትም። ሲሄድ የበላበትን ሰሃን አልሰበሩበትም። «ዓይነ ጥላው እንዳይነካን» ብሎ ልጁን ከኋላው የሸሸገ ሽማግሌ አልነበረም። «አባቶቻችን ማዕድ አልቆረሱም» ሲባል እኔ የምጠይቀው የትኞቹ አባቶች እንደሆኑ ነው፤ አሮን ከአባቶች ካልተቆጠረ ማን ሊቆጠር ነው?

ነገሩም በምሳ አላበቃም። በማግሥቱ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ ያየው ያው ቄናዊ «የምታደርገው ይህ ነገር መልካም አይደለም» አለው። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም አለው። ሙሴም እሺ ብሎ ሾመ። እስቲ የሠራዊታችንን ማዕረጎች ጥሩ፦ ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ። አንድ በአንድ ያው ነው። ልጁ መቶ አለቃ ሲሆን የሚደግስ ሰው፣ ለዚያው ድግስ ከብረት ሠሪ ጎረቤቱ ቢላ አስስሎ ሲያበቃ ጎረቤቱን ግን ከአጥር ውጭ ያበላዋል።

እኔ በበኩሌ ቄናውያን ብረትና ናስ ሠሪዎች ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ከሰባኪው ጋር እንስማማለን። በቲምና፣ በጥንቱ የመዳብ ማዕድን ስፍራ፣ ቤኖ ሮተንበርግ የተባለ ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ቁፋሮ በድንኳን ተሸፍኖ ከነበረ መቅደስ ውስጥ አንዲት ትንሽ የመዳብ እባብ አውጥቷል፤ ራሷ በወርቅ የተለበጠች ናት። ቦታውን ከምድያማውያን ጋር ያያይዙታል፤ የዮቶር አገር ሰዎች መሆናቸው ነው። ሙሴ በምድረ በዳ የናስ እባብ ሠርቶ በዓላማ ላይ መስቀሉን ሁላችንም እናውቃለን። ናስ ማቅለጥ የት ተማረ? ፈርዖን ቤት ልዑል ሆኖ ሳለ ወናፍ ሲነፋ አደገ? አርባ ዓመት የኖረው አማቱ ቤት ነው። ይህ ማስረጃ አይሆንም የምትሉኝ ካላችሁ፣ «የቃየን እርግማን» ከሚባለው ይልቅ ብዙ እጥፍ ይሻላል።

ሰባኪው የበለዓምንም ትንቢት ጠቅሰዋል፤ ቄናዊው ይጠፋል፣ አሦርም ይማርከዋል የሚለውን። አሦር ዐሥሩን የእስራኤል ነገዶች አልማረከም እንዴ? ምርኮ የርኩሰት ምልክት ከሆነ የሚተርፍ ነገድ የለም። በአንጻሩ ሳኦል አማሌቅን ሊያጠፋ ሲዘምት ቄናውያንን ለይቶ ከመካከላቸው እንዲወጡ ለመናቸው፤ ምክንያቱንም ነገራቸው፦ እስራኤል ከግብፅ ሲወጣ ቸርነት አድርጋችኋል። ዘጠኝ መቶ የብረት ሰረገላ የነበረውን የሲሣራን ሠራዊት አለቃነት በአንድ ካስማና በአንድ መዶሻ የደመደመችውም የቄናዊው የሔቤር ሚስት ኢያዔል ናት፤ ዲቦራም «ከሴቶች ይልቅ የተባረከች ትሁን» ብላ ዘመረችላት። «ቡርክት አንቲ እምአንስት» እያለ የሚጸልይ ሰው ይቺ ቃል ቀድማ ለማን እንደተባለች ቢያስታውስ ምን አለ?

ብረት ሠሪ ማባረር የሚፈልግ ካለ ደግሞ የተሞከረ ነገር ነው። ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይኖር አደረጉ፤ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ይወርድ ነበር፣ ያውም እየከፈለ። በጦርነቱ ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍ የያዘ አልነበረም። ናቡከደነፆርም ኢየሩሳሌምን ሲማርክ ከጠራቢና ከብረት ሠሪ አንድ ሺህ ሰው ቆጥሮ ወሰደ። ጠላት ምን እንደሚወስድ ያውቃል።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። መስፋቸውና ጉጠታቸው አሁንም እናቴ ቤት አለ። የሰፈሩ ማረሻ ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል፤ በሠርግ ቀን ግን ጠላ የሚቀዳላቸው ከበሩ ውጭ፣ ለእሳቸው ብቻ በተቀመጠ ቅል ነበር። ቡዳ ሲሏቸው ይስቃሉ፤ «ሌሊት ጅብ ሆኜ ብዞር ጠዋት ከሰል የምሸከምበት ጉልበት ከየት ይመጣል?» ይሉ ነበር። እኔ አልስቅም። የጎንደር ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ በእጅ ሥራቸው ምክንያት ስንት ዘመን ጅብ ሲባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ስድብ ማይክሮፎን ተገጥሞለት «ታሪካዊ ማብራሪያ» ይባላል።

በቪዲዮው ሰባኪው ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ በቀኝ እጃቸው የብረት መስቀል ይዘዋል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት፤ ጫፉ የተጠለፈ፣ የሰው እጅ የደከመበት ጥሩ ሥራ ነው።

አዘጋጆቹ ስብከቱን አናወርድም ካሉ አያውርዱት። በሚቀጥለው እሁድ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው አዳራሽ፣ ዘጸአት 18፥12ን ያንብቡልን። አንድ ቁጥር ናት፤ ግማሽ ደቂቃ አትወስድም።