ማስተካከያ፦ የድሮዎቹ ጀብዱዎች በአዲሱ ደንብም ይሠራሉ
ጎንደር ላሉ የዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) ተጫዋቾች ባለፈው በተላለፈው መልእክት «አዲሶቹ መጻሕፍት ሲመጡ የድሮዎቹ ጀብዱዎች (ለጨዋታው የተዘጋጁ ታሪኮች) አያገለግሉም፤ ሦስቱም ካልተገዙ መጫወት አይቻልም» ተብሎ ነበር። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2024 እና 2025 የወጡት ሦስቱ መጻሕፍት (የተጫዋቾች፣ የጨዋታ መሪው እና የጭራቆች) የዚያው የአምስተኛው እትም ማሻሻያ ናቸው። የድሮውን ጀብዱ እንዳለ አጫውቱ፤ የተጠቀሰው ጭራቅ በአዲሱ መጽሐፍ ካለ የአዲሱን ቁጥሮች ውሰዱ።

ችግር የሚፈጠረው ገጸ ባሕርይ ሲዘጋጅ ነው። በ2014ቱ ደንብ የችሎታ ነጥብ የሚጨመረው በገጸ ባሕርዩ ዘር (ለምሳሌ ኤልፍ) ነበር፤ አሁን ግን ገጸ ባሕርዩ ከጀብዱ በፊት በነበረው ሙያ ነው፦ ሙያው ከሚዘረዝራቸው ሦስት ችሎታዎች ለአንዱ 2 ለሌላው 1፣ ወይም ለሦስቱም አንድ አንድ። የድሮ ዘር ከአዲስ ሙያ ጋር የሚያቀላቅል ሰው የዘሩን ጭማሪ ይተው። አለዚያ ሁለቴ ይደመርና ገና በደረጃ 1 ሌሎቹን ጥሏቸው ይሄዳል፤ ጨዋታውን የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ንዑስ መደብም (እንደ ተዋጊ ያለው የገጸ ባሕርይ መደብ ውስጥ የሚመረጥ ዘርፍ) ለሁሉም በደረጃ 3 ይመረጣል።

ለመግዛት አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ መሠረታዊው የደንብ ሰነድ 5.2 በነፃ ይገኛል። ፈቃዱ ማባዛትንም መተርጎምንም ስለሚፈቅድ የሚያስፈልጓችሁን ምዕራፎች ፒያሳ ወስዳችሁ ማሳተም ትችላላችሁ፤ የባለመብቱ መግለጫ ያለበትን ገጽ ግን አብራችሁ አሳትሙ። ሰነዱ የያዘው 4 ሙያዎችን፣ ለየመደቡም አንድ ንዑስ መደብ ብቻ ነው። ያ ካነሰ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ የተጫዋቾች መጽሐፍ ይበቃል።